ቫርኒሽ የጠጣው ምንጣፍ

ኧረ አትነሺ፣ አበልጄ ኤርሊንዳ! ወንበሩን እኔው እስበዋለሁ፤ ጉልበቴ ገና ነው፣ ያረጀው ምላሴ ነው። እንዴት ዋልሽ? ፋሲካው በደህና አለፈ? እኔማ ይኸው፣ ትናንት አጥቤ ያሰጣሁትን አንሶላ ሁሉ ዛሬ መልሼ ዘፈዘፍኩት። እሳተ ገሞራው ፉዌጎ ሲያጨስ ሰንብቶ አመዱን አምጥቶ የኔ ገመድ ላይ አራገፈው። አንቺ ግቢ ዝር አላለም? … አይ፣ ተራራውም ሰው ይመርጣል ማለት ነው። ተማሪ የሚያሳድር ቤት አንሶላው ብዙ ነው፤ አመዱም ያንኑ ያህል ይሆናል።

ይኸው ሽምብራ ይዤልሽ መጣሁ። የሕማማት ሽምብራ በጥቁር ስኳርና በቀረፋ ሲንተከተክ ሰንብቶ ጣዕሙ የሚወጣው ፋሲካ ማግስት ነው። ያዢ፣ አንድ ማንኪያ። ቀረፋው በዛ እንዴ? …

ውይ! እንግዳ አለሽ ለካ! ያን ያህል ቁመት ይዘው ገበታው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አላየኋቸውም እኮ። እንደምን ዋሉ ጌታዬ? አይነሱ፣ አይነሱ፣ ጣሪያው ይመታዎታል። እርስዎም ሽምብራ ይቅመሱ። … እንዲያ ነው! አበልጄ፣ እይማ፣ ከማንኪያ ጋር እንዴት እንደሚግባቡ።

ለካስ ዛሬ ሰኞ ነው። ቁልፉም ይኸው ገበታው ላይ ተቀምጧል። ነፍሱን ይማረውና ባልሽ ዶን ባውዲሊዮ ያስለመደው ነገር ደስ ሲል። ያ የስፓኒሽ ትምህርት ቤት የተከፈተበት የታችኛው ቤትሽ ቁልፍ በዓመት አንዴ፣ ፋሲካ ማግስት፣ እዚህ ገበታ ላይ ይመለሳል። ተከራይ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያመሰግናል፤ ከዚያ ከቤቱ እመቤት እጅ መልሶ ይወስዳል። … ወይም ሳይወስድ ይቀራል። እስካሁን ሳይወስድ የቀረ የለም፣ አይደል? ልማድ ነው እንግዲህ። እኔ ምን አገባኝ።

ኦዲሊያ ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኞቿ ጋር መጥታ ምን እንዳለችሽ እኔ አላነሳውም። ልጄ ናት፣ ያንቺም የክርስትና ልጅ ናት፤ የናት ነገር ያደላል ይባላል። እሷና ሌሎቹ የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ተባብረው የራሳቸውን ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነው፣ ቤቱን ለኛ አከራዪን ብለው ለምነውሻል ብዬ እኔ አፌን ልከፍት ነው? በጭራሽ! እኔ የመጣሁት ሽምብራ ላደርስ ነው። አንቺ ቁልፉን ለማን እንደምትሰጪ አንቺና ሕሊናሽ ታውቃላችሁ፤ ሕሊናሽ ደግሞ ከድሮም ጎበዝ ነው።

በይ ስለ ሌላ እናውራ። አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስም አልጠራም። እኔ ስም ጠርቼ ሰው አምቼ አላውቅም፤ የማማው ሰው ራሱን ያውቃልና ምን አደከመኝ! … ደግሞ ሐሜት አይደለም፣ ሙገሳ ነው። እንግዳችንም ይስሙ፣ ምን ችግር አለው? ቋንቋውን ከኛ በላይ ያውቁታል።

ያ ሰው ካገሩ የመጣው ባንዲት ቦርሳ ነው። ውሃ ሲጠማው የቧንቧ ሥዕል በጣቱ እየሳለ ያሳይ ነበር፤ ምስኪን። ግን ጭንቅላቱን ልንገርሽ! እኛ አንቲጓዎች ይኼን ቋንቋ ስንት ዘመን በነጻ ስናባክነው ኖርን? ለጎረቤት፣ ለዶሮ፣ ለውሻ፣ ለታክሲ ነጂ… ዋጋ ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አለ? እሱ አየው። ውሃ ማለት በቻለ ማግስት ትምህርት ቤት ከፈተ። ሻጩ እሱ፣ ሸቀጡ የኛ ምላስ! ይኼ ብልሃት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እኔ በልጅነቴ ከናቴ ጡት ጋር የጠጣሁትን ሰው በወንበር ይሸጠዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

እስቲ አንድ ቀን እኔ ተነስቼ ካገሩ ልሂድ። «ዶኛ ሌኦካዲያ፣ ምን ሊሠሩ መጡ?» ይሉኛል። «የናንተኑ ቋንቋ ለሰው ላስተምርላችሁ ነዋ! ያገራችሁን ልጆች ቀጥሬ፣ አነጋገራቸውን እያረምኩ» ብላቸው… ሻንጣዬ ካውሮፕላኑ ይወርድ ነበር? እኛ ግን ደጎች ነን። ወንበር ሳብንለት፣ ልጆቻችንን ሰጠነው፣ አንቺ ደግሞ ቤት ሰጠሽው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ… ተይው። በዓል ነው።

እይማ፣ እንግዳችን ራሳቸውን ነቀነቁልኝ! ተመስገን። ቋንቋ መማር እንዲህ ነው፤ አንድም ቃል አያመልጣቸውም። … ቃሉ ማለቴ ነው።

ታዲያ ያ ሰው እጁ የሚያርፍ አይደለም። ኦዲሊያ ተማሪዋን ይዛ ገበያ ትወርድ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሁሉም አስተማሪ እንዲያ ነው የሚያስተምረው፤ ቲማቲሙን እያስነካች፣ ከሽንኩርት ሻጯ ጋር እያከራከረች፣ ቆሎ እንደምታስቆረጥም እናት። ተማሪውም በወሩ ተሳድቦ፣ ተከራክሮ፣ ተመርቆ ይመለሳል። ያ ሰው ምን አለ? «ገበያ ክልክል ነው፤ ትምህርት ወንበር ላይ ነው።» ለምን መሰለሽ? ሽንኩርት ሻጯ በነጻ ታስተምርብኛለች ብሎ ሰግቶ! ለንብረቱ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ማን አለ? ለሽንኩርት ሻጯም ትልቅ ክብር ነው፤ ተፎካካሪ ተብላ አታውቅም።

ያገሩንም ልጅ አመጣ። ቀይ ፂም ያለው፣ ታውቂዋለሽ፣ ደህና ልጅ ነው። አፉን ያስፈታችው ኦዲሊያ ናት። «ይኼ ማንኪያ፣ ይኼ ጨው» እያለች። ሦስት ወር ሳይሞላው ምን ተሾመ? የአስተማሪዎች ተቆጣጣሪ! አሁን በር ላይ ቆሞ «ኦዲሊያ፣ ልስላሴ አበዛሽ፤ ቃሉን እንዲህ ነው የሚሉት» ይላታል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር፤ ይኼኛው ግን እናቱን ካልጋ አውርዶ ራሱ ተኝቶ አማጠ። ኦዲሊያም «እሺ» አለች። እኛ ምን እንላለን ሌላ!

ለኛ ለአሳዳሪዎቹም አስቦልናል እኮ። አንድ ቀን ኩሽናዬ ድረስ መጥቶ «ዶኛ ሌኦካዲያ፣ ተማሪዎቹ ጥቁር ቦሎቄ ጠዋት ማታ ሰለቻቸው። እውነተኛ ያገር ምግብ ይስሩላቸው» አለኝ። «ምን ልሥራ ጌታዬ?» አልኩት። አሰበ፣ አሰበና «ፓንኬክ» አለኝ። … አበልጄ፣ አትሳቂ፣ ሽምብራው ትን ይልሻል። ስልሳ ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬ ያገሬን ምግብ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እንግዳችንም ሳቁ! ይኼን ጨዋታ ወደዱት። እሰይ፣ ይጨመርላቸው።

አሁን ወደ ምንጣፉ ልውሰድሽ… ወደ የትኛው ምንጣፍ ትይኛለሽ? እንግዲህ በመንገዳችን ስንት ምንጣፍ አለ! አንቺም ደጅሽ ላይ ወንበር አውጥተሽ አይተሻል። ግን ያላየሽው አለና ልንገርሽ።

የስቅለትን ምንጣፍ እኔና አንቺ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሠርተነዋል። ሰጋቱራው ቀለም ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ ጎህ ሲቀድ የመንገዱ ኮብል ድንጋይ ላይ ተንበርክከን አበባ በአበባ፣ ወፍ በወፍ። ወገባችን እስኪቆረጥ። ቀትር ላይ የጌታ ምስል በሰው ትከሻ ሆኖ ይመጣል፣ ተሸካሚዎቹ ይረግጡታል፣ ያልቃል። ከኋላ መጥረጊያ ይከተላል። ዶን ባውዲሊዮ ምን ይል ነበር? «ለእግዚአብሔር የሰጡት ነገር መልሰው የማያዩት ነው።» ስጦታው እኮ ማለቁ ነው። ይኼን የሰፈራችን ውሻ እንኳ ያውቃል፤ ጌታ ሳያልፍ አይረግጥም።

ያ ሰው ግን አንጀቱ አልቻለም። ለኛ አዘነልን! «ይኼን ያህል ልፋት ለአንድ ሰዓት? ብክነት ነው» አለ። ሰኞ ለሚመጡት አዲስ ተማሪዎች ሳምንቱን ሙሉ እንዲቆይላቸው አሰበ። ያውም ዘንድሮ ወፉ ይቅር ብሎ መሃሉ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ከሥሩ ስልኩን አስደረገ። … ምናልባት ጌታ ስፓኒሽ መማር ቢፈልግ ብሎ ይሆናል። መቼስ አርቆ አሳቢ ነው።

ኦዲሊያ ነገረችው እኮ! ቫርኒሽ ልቀባው ነው ብሎ ሲያማክራት ነገረችው። እኛ ደግሞ «አይሆንም» ማለት ከናታችን ሆድ ይዘነው አልወጣንም። «እንዴት ያለ ግሩም ሐሳብ ነው ጌታዬ… ብቻ እንግዲህ፣ ያው ምንጣፍ ለመረገጥ ነውና… ተሸካሚዎቹም ከባድ ነው የሚሸከሙት… ጌታ ከፈቀደ ለሌላ ጊዜ ቢሆንስ?» አለችው። አንቺዬ፣ ይኼ በኛ አገር ምንድን ነው? ጩኸት ነው! እሪታ ነው! ይኼን ያህል ሰው ተቆጥቶ አያውቅም። እሱ ግን ከመሃል «ግሩም ሐሳብ» የምትለዋን መርጦ ይዞ ሄደ። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ የሚጠቅመውን ብቻ ነው የሚያጠናው።

እኛ ልብስ ልንቀይር ገባን። እሱና ባለ ቀዩ ፂም የቀለም መርጫ አምጥተው ቫርኒሹን ነፉበት። ሁለት ድርብ! የስቅለት ፀሐይ ደግሞ ምን እንደምትመስል ታውቂያለሽ። ላዩ የደረቀ መሰለ፣ ውስጡ ማር ሆነ። እኔ ስወጣ ያ ምንጣፍ እንዴት ያበራ ነበር መሰለሽ! የቤተ ክርስቲያን መስታወት ነው የመሰለኝ። «ምን ይሸታል?» አልኩ። «ትኩስ አበባ» አለኝ። እሺ።

ከዚያ ጌታ መጣ።

ያንቺ ልጅ ሩቲሊዮ በሦስተኛው መስመር ላይ ነበር፣ አይደል? ሐምራዊውን ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን ባንቺ እጅ አስወልውሎ፣ ዓመት ሙሉ የጠበቀውን ተራ ሊሸከም። የመጀመሪያው መስመር ረገጠ። ሁለተኛው ረገጠ። ሩቲሊዮም ረገጠ። … ቆሙ። መሪው «ቀጥሉ!» ይላል፤ እግር ይነሳል፣ ጫማ አይነሳም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ ቫርኒሽ ሲጨመርበትማ አስቢው! ሰማንያ ሰው ጌታን ተሸክሞ ባለበት እየተወዛወዘ፣ ጨርር… ጨርር… ይላል ከሥር። ሙዚቀኞቹ ምን ያድርጉ? ያንኑ የሐዘን ሙዚቃ መልሰው መላልሰው ነፉት፣ ከንፈራቸው እስኪያብጥ። አሮጊቶቹ ተአምር መስሏቸው ተንበረከኩ። እኔም ተንበረከኩ፤ ሳቄን እንዳያዩ።

መቼም ለሰው ምስጋናውን አልነፍግም፤ ጌታ በደጃችን ያን ያህል ጊዜ ቆሞ ያውቃል? በሌላው ሰፈር ሽው ብሎ ነው የሚያልፈው። እኛ ጋ ግን ተመችቶት ቆመ። ይኼን በረከት ማን አመጣልን?

በመጨረሻ እንዴት እንደተላቀቁ አይተሻል። እግራቸውን ከጫማው አውጥተው፣ ጌታን በካልሲ ሸኙት። ሩቲሊዮ ያችን ቀዳዳ ካልሲ ለብሶ… ይቅርታ፣ ያችን ካልሲ ለብሶ እስከ ካቴድራሉ ድረስ። በጋለ ኮብል ላይ! ልጅሽ ዘወር ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ከኋላቸው ጫማው ተደርድሮ ቀረ፤ ያ ሁሉ ሰው በቁሙ ወደ ሰማይ የተነጠቀ ነው የሚመስለው።

ይኼን ሁሉ አይተሻል። ቅዳሜን ግን አንቺ እኅትሽ ዘንድ ስለነበርሽ አላየሽም። መንገዱ ይጽዳ አለ ማዘጋጃ ቤቱ። እኔ፣ ኦዲሊያ፣ አስተማሪዎቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በገጀራና በፈላ ውሃ ተንበርክከን ስንፍቅ ዋልን። ጫማ በጫማ እየነቀልን። የሩቲሊዮን አንዱን እግር እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ሶሉ ላይ የስልኩ ቁጥር ግማሹ ተለጥፎ ቀርቷል፣ ጥሩ ማስታወቂያ ነው፣ በሄደበት ይረግጠዋል።

ያ ሰው ታዲያ መጣ። ሊረዳን መስሎኝ ቦታ ለቀቅሁለት። … ፎቶ አነሳን! ማታ ለዓለም ሁሉ ለጠፈው። ኦዲሊያ አነበበችልኝ፤ «ያንቲጓ ሰዎች ከስቅለት ማግስት መንገዱን በገጀራ የሚፍቁበት ጥንታዊ ሥርዓት። በሚመጣው ዓመት ተማሪዎቻችንም ይሳተፋሉ።» ስልሳ ዓመት ሙሉ ያላወቅሁት ሌላው ሥርዓቴ! ፎቶው ላይ ከፊት የምትታየው እኔ ነኝ። ከፊት ስልሽ፣ ከፊት የሚታየው ኋላዬ ነው። ካገሩ ሰዎች «እንዴት ያምራል» ብለው ጽፈዋል አሉ። በዚህ ዕድሜዬ!

እንግዳችን ፈገግ አሉ። ፎቶውን ያስታወሱት ይመስላል… ማለቴ፣ የሆነ ፎቶ።

እና አበልጄ፣ እዚያው፣ ልጄ እንደተንበረከከች፣ እጇ በፈላ ውሃ ቀልቶ፣ ያ ሰው ከበላይዋ ቆሞ ምን አላት መሰለሽ? «አንቺ ቀና መንፈስ የለሽም። ገና ሳይጀመር ክፉ ስለተናገርሽ ነው የተበላሸው። ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ።» አሥራ አንድ ዓመት ካገለገለችው በኋላ። ያገሩን ልጅ አፍ የፈታችለት እሷ! … ልጄ ምን አለችው? «አመሰግናለሁ» አለችው። ገጀራዋን አላነሳችም። ተመልሳ መፋቅ ጀመረች።

ግን ይቅር። ሰው ከስህተቱ ይማራል። ብልህ ከሰው ስህተት ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባል የለ? ያ ሰው ግን ከሁለቱም አይማርም… አስተማሪ ነዋ! የትምህርት ቤት ባለቤት ተማር ቢሉት ነውር አይደል?

ምነው ቁልፉን ታገላብጪዋለሽ? አስቀምጪው፣ ሽምብራሽን ብዪ። አውቃለሁ፣ «ጨዋ ተከራይ ነው፣ በቀኑ ሳይከፍል ቀርቶ አያውቅም» ብለሽኛል። እውነትሽን ነው! ቤትሽንም ወዶታል። ዶን ባውዲሊዮ በገዛ እጁ የጠረበውን የዝግባ በር እንኳ ዝም ብሎ አልተወውም፤ ቢጫ ቀባው። የደስታ ቀለም ነው አለ። ሟቹ ከመቃብሩ ሆኖ ምን ያህል ተደስቶ ይሆን!

ደግሞ ዘንድሮ ምን አለ እንደተባለ ሰምተሻል? እኔ ከሰፈር ነው የሰማሁት። በየዓመቱ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሽምብራ እየበሉ ቁልፍ ማመላለስ ምን ያደርጋል፣ ብክነት ነው፣ ለአሥር ዓመት አንዴ ይሰጠኝ አለ አሉ። … እውነት ነው እንዴ? እዚህ ገበታ ላይ? ዛሬ? … እሺ። አየሽ፣ እሱ ምን ያድርግ፣ ያለቀ ነገር አይወድም። ምንጣፍ ሲያይ ቫርኒሽ፣ ቁልፍ ሲያይ ቫርኒሽ። የሟቹንም ልማድ ሁለት ድርብ ሊነፋበት ነው። አንቺና እኔ ደግሞ እዚያው እንደቆምን ጫማችን ይያዛል፤ አሥር ዓመት፣ ጨርር… ጨርር… በኛ ዕድሜ ካልሲያችን ይበቃን ይሆን?

እኔ ምን አገባኝ። እኔ ሽምብራ ላደርስ ነው የመጣሁት አልኩሽ።

… ምነው? ሽርጥሽን ምን ትፈልጊበታለሽ? … ኪሱ ውስጥ? … እሺ። ቁልፍ ኪስ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ደስ ሲል! ኦዲሊያን ማታ ብቅ በይ ልበላት? ታዲያ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ለራቱ ዓሣ እሷ ትሥራ። ዓመት በመጣ ቁጥርም እዚሁ ገበታ ላይ ትመልስልሻለች፤ እኔ ዋስ ነኝ። አይዞሽ፣ አታልቅሺ፣ ሩቲሊዮም የሚያስተምረው ቢያጣ ወንበር ይደረድርላቸዋል።

ውይ፣ እንግዳችንን ረሳናቸው! እጃቸውን ዘርግተው እኮ ነው የሚጠብቁት። ነውር ነው፣ የተዘረጋ እጅ ባዶውን አይመለስም። እንኩ ጌታዬ፣ ሽምብራ በዕቃ አድርጌልዎታለሁ፣ በደንብ ከድኜዋለሁ፣ ለስንቅ ይሆንዎታል። … ለየትኛው መንገድ? ለሚሄዱበት ነዋ!

አበልጄ፣ ምርቃት ሳልሰጣቸው ብሸኛቸው እናቴ ከመቃብሯ ትቆጣኛለች። ይጠጉ ጌታዬ፣ ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፣ አልደርስብዎትም። እንዲህ።

በሄዱበት ሁሉ እንደኛ ያለ ጎረቤት አይጡ፤ ወንበር የሚስብልዎ፣ ጫማውን ትቶልዎ የሚያልፍ፣ ለማንኛውም ሐሳብዎ «ግሩም ነው» የሚልዎ። ደጅዎ ላይ ጌታ እንደዘንድሮው ረጅም ይቁምልዎ። ተማሪዎችዎ ሁሉ በእርስዎ ይውጡ፣ እንደ እርስዎ ይናገሩ፣ እንደ እርስዎም ይስሙ። እግዚአብሔር ደግሞ የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥዎት፤ ቋንቋችን እስኪገባዎ ድረስ ከዚያ ባነሰ አይሆንልዎትምና።

… ምነው ፈገግታዎ ጠፋ? አሜን ይበሉ እንጂ።